የድንቅነሽ ቄቦች በሽታ

ድንቅነሽ ያን ቀን ስንሻውን የምትለው ብዙ ነበራት። አርባ ቄቦቿ አንገታቸው እየተጠማዘዘ በሦስት ቀን አልቀውባታል። ፈንግል ነው፤ ይህን ዶሮ ያረባ ሁሉ ያውቀዋል። የሸሕዲ ከተማው የእንስሳት ሐኪም ስንሻው ግን ከሳምንታት በፊት መጥቶ በየዓይናቸው የፈንግል ክትባት ጠብ አድርጎላቸው ነበር።

«ክትባቱን ያቀዘቀዝክበት በረዶ መንገድ ላይ ቀልጦብሃል። ውሃ ነው የሰጠኸኝ» አለችው፣ ወገቧን ይዛ። በዚያ በቆላ ሙቀት እንዲህ ብታስብ ማን ይፈርድባታል።

ስንሻው አልተቆጣም። ከሞቱት ቄቦች አንዷን አነሣና ጎረቤቱ ሁሉ እያየ ከጭራዋ ሥር ሰንጥቆ ትንሽ ከረጢት አወጣ። ሽንብራ ብታክል ነው።

«ይቺ የወይን ፍሬ ማከል ነበረባት። ዶሮዋን ከበሽታ የሚከላከሉላት ሴሎች የሚያድጉት እዚህ ውስጥ ነው። ጫጩት ሳሉ ነጭ ተቅማጥ ይዟቸው አልነበር?»

ይዟቸው ነበር። ለሦስት ቀን ያህል ኩርምት ብለው ሰንብተው ሲነሡ፣ ሙቀቱ ነው ብላ ትታዋለች።

«እሱ ጉምቦሮ የሚባል ቫይረስ ነው። አንቺ ዳኑልኝ ስትዪ እሱ ሴሎቹን ጨርሷቸዋል። ክትባት ማለት ጠላትን አስቀድሞ ለሴሎቹ ማሳየት ነው። እነሱ ከሌሉ እኔ ለማን ላሳይ? ፈንግሉ ሲመጣ የሚመክተው አጣ።»

ጎረቤቷ ሀብትነሽ አንገቷን አስግጋ «እንደ ሰዉ ኤችአይቪ በለኛ» አለች።

ስንሻውም የገባት ሰው በማግኘቱ ደስ ብሎት «ልክ ብለሻል፣ እሱን ይመስላል» አላት። አይ ስንሻው። ለተማረ ሰው አፍ መጠበቅን የሚያስተምር ትምህርት ቤት ቢኖር ምን ነበረበት።

በማግስቱ ሸሕዲ የምታወራው ስለ ድንቅነሽ ዶሮዎች ኤድስ ሆነ። ጉምቦሮ ክፉኛ የሚጎዳው ገና በማደግ ላይ ያሉትን ስለሆነ እንቁላል የሚጥሉት ሠላሳ ትልልቅ ዶሮዎቿ ደህና ነበሩ፤ ግን ማን ይስማ። መኪና ተራው አጠገብ ፉል ቤት ያላቸው ትልቁ ደንበኛዋ አያ ሙሐመድጣሂር እንኳ «ለጊዜው ይቆየን» ብለው ላኩባት። ኑሮዋ በእንቁላል ነው፤ እንቁላሉ ደግሞ ከአልጋዋ ሥር ሞልቶ ተረፈ።

ድንቅነሽን እንቅልፍ የነሣት ግን ሌላ ነገር ነበር። እሷ ራሷ ስድስት ዓመት ሙሉ የኤችአይቪ መድኃኒት ስትውጥ ከጤና ጣቢያው ነርስ በቀር የሚያውቅ አልነበረም። ወሬው አንድ እርምጃ ቢራመድ ከዶሮዎቹ እሷ ዘንድ ይደርሳል። ዝም ካለች ደግሞ እንቁላሉ በስብሶ መቅረቱ ነው። ሦስት ቀን ከራሷ ጋር ተሟገተች። በአራተኛው ቀን ሁለት ትሪ እንቁላል ተሸከመችና፣ ሾፌሩና ሰሊጥ አጫጁ ቁርሱን በሚበላበት ሰዓት ፉል ቤቱ ገባች።

«እስቲ ስሙኝማ» አለች። «ኤችአይቪን ከእናንተ ይበልጥ አውቀዋለሁ፤ እኔ ነኝ ያለብኝ። ዶሮ አይዘውም፣ በእንቁላልም አይመጣም። ቄቦቼን ያስጨረሰብኝ ጉምቦሮ ነው፤ እሱ ደግሞ ሰው አይነካም። እነሱ መድኃኒት የላቸውም። እኔ አለኝ፤ ስድስት ዓመት ውጬ ይኸው ቆሜያለሁ።»

አንድ የጎጃም አጫጅ «እኔን ርቦኛል፤ ከዚያው ሁለት ጥበሱልኝ» ሲል ሰው ሁሉ ሳቀ፤ ድንቅነሽም ሳቀች። ደረቷ ላይ ስድስት ዓመት የተቀመጠ ሸክም ወረደላት።

አያ ሙሐመድጣሂር ትሪዎቹን ተቀብለው ወደ ማድቤቱ አስገቧት። እዚያ ሁለቱ ብቻ ሲሆኑ፣ ዘይቱን ድስት ላይ እየጨመሩ ፊቷን ሳያዩ ጠየቋት።

«መድኃኒቱን እዚሁ ጤና ጣቢያ ነው የሚሰጡሽ?»

«አዎ እዚሁ ነው። ምነው?»

«እኔ ሰው እንዳያየኝ ጎንደር ድረስ ነው የምመላለስ። አራት ዓመቴ።»

ድንቅነሽ እንቁላሉን አንሥታ ድስቱ አፍ ላይ ሰበረችላቸው።

«ማክሰኞ ጠዋት ነው ቀጠሮዬ» አለቻቸው። «አብረን እንሄዳለን።»