ከርነሉ የቆመበት ቦታ

ፕሮግራመሯ ግራ ተጋብታለች። የጻፈችው ከርነል፣ ማለትም ኮምፒውተሩ ሲነሳ ቀድሞ ነቅቶ ሜሞሪውን ለሌሎቹ ፕሮግራሞች የሚያከፋፍለው ፕሮግራም፣ «ሜሞሪ ተገኝቷል» ብሎ ይጽፍና እዚያው ድርቅ ይላል። ኮዱን ከላይ እስከ ታች አበጠረችው። ኮምፒውተሩንም ቀየረች። ያው ነው።

«ምን ነካው ይሄ ጉደኛ!» ብላ የምግብ ጠረጴዛውን በጥፊ አጮለችው።

ሥራዋን ይዛ ወደ ጠረጴዛው የተሰደደችው ጠዋት ነው። ወንድሟ ከነቤተሰቡ፣ እናታቸውንም ይዞ፣ ጓዙን ጠቅልሎ ሲመጣ፣ ቤቱን ያደላደለችው ራሷ ናት፤ መኝታ ቤቷን ለባልና ሚስቱ፣ ትንሿን ክፍል ለልጆቹ፣ ሳሎኑን ለእናቷ።

እናቷ ትራስ ታቅፈው ብቅ አሉ። «ይሄ ያንቺ ነው መሰለኝ። ለመሆኑ አንቺ የት ልትተኚ ነው?»

«እኔማ...» ብላ ድንገት ወደ ኮምፒውተሩ ዞረች።

ለካስ ከርነሉም የተቀመጠው እዚያው ሜሞሪ ውስጥ ነው! እሷ ደግሞ ያንን ቦታ «የተያዘ» ብላ አላስመዘገበችም። ሞኙ ከርነል ሁሉንም ባዶ ነው ብሎ ሲያድል፣ የቆመበትንም ለመጀመሪያው ጠያቂ ፕሮግራም ሰጠው፤ ያም ሳይውል ሳያድር ላዩ ላይ ጽፎ ደመሰሰው።

ያንን ቦታ «የተያዘ» የሚል አንድ መስመር ጨመረች። ኮምፒውተሩ እንደ ደህና ልጅ ተነሳ።

«እሰይ!» አለች። እንቅልፍ ካጣች ሰንብታለችና ትንሽ ጋደም ልበል ብላ ትራሷን ይዛ ተነሳች። ኮሪደሩ መሀል ስትደርስ ቆመች፤ በየትኛው በር እንደምትገባ ጠፋት።