ጀማሪ ነኝ ማለት አቅቶኝ

ጊታር መማር የጀመርኩት በአርባ ስድስት ዓመቴ ነው። ዛሬ ይህን ሳልሸማቀቅ እናገራለሁ። ያኔ ግን ይህችን አንዲት ዓረፍተ ነገር ከአፌ ማውጣት አቅቶኝ፣ ምንም ያላጠፉ ሴት በእኔ ፈንታ በሰው ፊት እንዲዋረዱ አደረግሁ።

የምሠራው የውኃ ቆጣሪ በሚጠገንበት ክፍል ነው። ከየሰፈሩ ተነቅሎ የመጣውን ቆጣሪ እፈታለሁ፣ አሸዋውን አጥባለሁ፣ የተበላውን ጥርስ እቀይራለሁ፣ መስታወቱን ገጥሜ እፈትሻለሁ። በዚህ ሥራ ሃያ ሁለት ዓመት ሆኖኛል። ጓደኞቼ «እጁ አይሳሳትም» ይሉኛል፤ እውነቱን ለመናገር ይህን ስሰማ ደስ ይለኝ ነበር።

ጊታሩ የሚስቴ ወንድም ነው። ወደ ሌላ ከተማ ሲዛወር ዕቃው አልጫን ብሎት እኛ ዘንድ ተወው፤ ዓመት ሙሉ ከቁም ሳጥኑ ጀርባ ቆመ። አንድ እሑድ አቧራውን ልጠርግለት አውጥቼ አንዱን ክር ነካሁት። ድምፁ ሆዴ ውስጥ ገባ። ሌላ ምክንያት የለኝም።

ቤት ውስጥ መማር ግን አልሆነልኝም። ግድግዳችን ስስ ነው፤ ጎረቤት ሲያስነጥስ «ይማርህ» የምንለው እዚሁ ከሶፋችን ላይ ሆነን ነው። ልጄም ገና በሁለተኛው ቀን ጆሮዋን በሁለት እጇ ይዛ «አባዬ፣ ድመት ነው እንዴ የያዝከው?» አለችኝ። ስለዚህ ጊታሩን ወደ ሥራ ቦታ ወሰድኩት።

ከጥገና ክፍላችን ጀርባ የተጣሉ ቆጣሪዎች የሚከማቹበት ጠባብ የዕቃ ክፍል አለ። ቁልፉ የሚገኘው በጽዳት ሠራተኛዋ እጅ ነበር። ሁላችንም «እትዬ» እንላቸዋለን፤ ወደ ስልሳ የተጠጉ፣ ረጋ ያሉ፣ ለሁሉም «የኔ ልጅ» የሚሉ ሴት ናቸው። በምሳ ሰዓት ክፍሉ ውስጥ ያስገቡኝ እንደሆነ ጠየቅኋቸው።

«ለምኑ?» አሉኝ።

«ጸጥ ያለ ቦታ ፈልጌ ነው። ስልክ ላወራ።»

ጀርባዬ ላይ ያለውን ረጅም ጥቁር ቦርሳ አየት አደረጉና ቁልፉን አቀበሉኝ። «እሺ የኔ ልጅ። ስትጨርስ ቆልፈህ አምጣልኝ።»

እንደዚህ ተጀመረ። ሰዎቹ ወደ ካፌው ሲወርዱ እኔ እዚያ እገባለሁ፤ ስጨርስ ጊታሩን እዚያው ትቼ ቁልፉን እመልሳለሁ። ጥግ ላይ አንዲት አሮጌ ወንበር ነበረች፤ መቀመጫዋ ላይ በእጅ የተሰፋች ትራስ አለች። እዚያች ላይ እቀመጥና ስልኬን ከቆጣሪዎቹ መደርደሪያ አስደግፌ ቪዲዮ እከፍታለሁ። አስተማሪው ፈገግ እያለ «ይህ በጣም ቀላል ነው» ይላል። ለእሱ ነው ቀላል። የኔ ቀለበት ጣት ሂድ ሲሉት ትንሿን ጣት አስከትሎ ይሄዳል። ክሩ ጣቴን እንደ ቢላ ይከረክመዋል። ኮርድ የሚሉትን፣ ብዙ ክር ባንዴ የመጫን አያያዝ፣ ሁለቱን ለመልመድ ሁለት ወር ፈጀብኝ፤ ሦስተኛዋ፣ ኤፍ የምትባለዋ፣ ስድስቱንም ክር ባንድ ጣት ጫን በል የምትለው፣ ከነጭራሹ እምቢ አለችኝ። የምለማመደው አንድ የድሮ ዘፈን ነበር፤ ኤፍ ጋ ስደርስ ሁልጊዜ አቆማለሁ፣ እንደገና ከመጀመሪያው።

በአራተኛው ወር ከጎኔ የሚሠራው ጓደኛዬ ጣቶቼን አየ። ራዲዮ ነው የምንለው፤ ጠዋት ሲገባ ይከፈታል፣ ማታ ሲወጣ ይዘጋል።

«ጣትህ ምን ሆኖ ነው እንዲህ የደነደነው?»

«ጊታር ነው» አልኩት።

«ጊታር? አንተ? መቼ ጀመርክ?»

«ከአራት ወር በፊት» ብል ነገሩ እዚያው ያልቅ ነበር። ግን አምስት ሰው ሥራውን አቁሞ እያየኝ ነው። እጁ አይሳሳትም የሚባለው ሰው በዚህ ዕድሜው ሀ ሁ እየቆጠረ ነው መባሉን ፈራሁ።

«ኧረ ድሮ ነው» አልኩ። «በወጣትነቴ እጫወት ነበር። አሁን እጄን ላፍታታ ብዬ ነው።»

«በባንድ?»

«አዎ… ትንሽ ጊዜ።»

ስንቅና ውሸት እያደር ይቀላል ይባላል፤ የኔዋ ግን እያደር ትከብድ ጀመር። ራዲዮ ወሬውን በሳምንት ውስጥ ሦስቱንም ፎቅ አዳረሰው። የሒሳብ ክፍሏ ጸሐፊ ደረጃ ላይ አግኝታኝ «ሆቴል ውስጥ ሦስት ዓመት ተጫውተሃል አሉ» ስትለኝ አላስተባበልኩም። እንዲያውም፣ ሳስበው እስካሁን ያመኛል፣ «አራት ዓመት ነው» ብዬ አረምኳት።

በስምንተኛው ወር የዕቃ ግምጃ ቤት ኃላፊያችን ጡረታ ወጡ። ጋሼ ማኅተም እንላቸዋለን፤ ወረቀታችን ላይ ማኅተም ካላረፈ አንዲት ብሎን አይሰጡም። የመሸኛው ቀን ምን እንደሚፈልጉ ሲጠየቁ «ሌላ ምንም አያስፈልገኝም፤ ያ ልጅ በጊታር አንድ ነገር ይጫወትልኝ» አሉ። ልጁ እኔ መሆኔ ነው።

አርብ፣ ዘጠኝ ሰዓት፣ አዳራሹ ሞልቷል። የፕላስቲክ ወንበሮች ተደርድረዋል፣ ለስላሳና ኬክ ጠረጴዛ ላይ አለ። እትዬ በር አጠገብ ትሪ ይዘው ቆመዋል። ራዲዮ ማይክራፎን ጨብጦ «አሁን ደግሞ የድሮው የባንድ ሰው» ብሎ ጠራኝ፤ ጭብጨባው ሲነሳ ወደ ፊት ወጣሁ።

ተቀመጥኩ። እጄ በላብ ርሷል። የመጀመሪያውን ኮርድ መታሁ፤ ደህና ወጣ። ሁለተኛው ተንጣጣ። ሰዎቹ ዘፈኑን አውቀውት ማንጎራጎር ጀመሩ፣ ኤፍ ላይ ስደርስ ግን ጣቴ ከክሩ ላይ ተንሸራተተ፣ የወጣው ድምፅ እንደተሰበረ በር ነበር። አቆምኩ። እንደገና ከመጀመሪያው ጀመርኩ። እዚያው ጋ ስደርስ እንደገና። ከኋላ አንድ ሰው ሳቀ። በሦስተኛው ማንጎራጎሩም ሳቁም ቆመ። ጋሼ ማኅተም ፊት ለፊቴ ተቀምጠው እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው ይጠብቃሉ።

«ቅኝቱ ተበላሽቷል» አልኩ። «ሰው ነካክቶታል።»

«ማን ይነካዋል?» አለ ራዲዮ፣ በማይክራፎኑ።

«እንጃ። የተቀመጠው ዕቃ ክፍል ነው። ቁልፉ…» አልኩና ወደ በሩ አየሁ። «እትዬ ሲጠርጉ ጥለውት ይሆናል።»

አዳራሹ በሙሉ ዞሮ አያቸው። እትዬ እኔን ተመለከቱኝ። ከዚያ ትሪውን ትንሽ ዝቅ አድርገው «ይሆናል» አሉ። «ስጠርግ ነክቼው ይሆናል። ይቅርታ።»

«የሰው ዕቃ በጥንቃቄ ነው እንጂ!» አሉ ሥራ አስኪያጁ። ሰዎች «አይዞህ» እያሉ ትከሻዬን መታ መታ አደረጉኝ። እኔም ኬክ ተሰጠኝ፤ በላሁት።

ሰኞ ማስታወቂያ ተለጠፈ። የዕቃ ክፍሉ ቁልፍ ከጽዳት ሠራተኛ ተወስዶ ለአዲሱ የግምጃ ቤት ኃላፊ ተሰጥቷል ይላል። እትዬን ኮሪደር ላይ አገኘኋቸውና እንደወትሮው ጎንበስ ብዬ ሰላም አልኳቸው።

«ደህና አደሩ» አሉኝ።

ሃያ ዓመት ሙሉ «ደህና አደርክ የኔ ልጅ» ሲሉኝ ኖረው አሁን አንቱ አሉኝ። ቢሰድቡኝ ይሻለኝ ነበር።

በዚያው ሳምንት አንድ ቀን በምሳ ሰዓት ዝናብ ጣለ። በጓሮ በኩል ሳልፍ እትዬ ደረጃው ላይ፣ ከክፈፉ ሥር ተጠግተው፣ የምግብ ሳህናቸውን ጭናቸው ላይ አድርገው ሲበሉ አየሁ። ጫማቸው ርሷል። ዘበኛውን ጠየቅሁት።

«እትዬ ለምን እዚህ ነው የሚበሉት?»

«ድሮ እዚያ ዕቃ ክፍል ነበር። ወንበር ነበረቻቸው፤ እግራቸው ስለሚያብጥ እዚያ ያሳርፉ ነበር። አንተ ጊታርህን ይዘህ ከገባህ ወዲህ ነው እዚህ የወጡት» አለኝና ገረመው። «አታውቅም እንዴ?»

አላውቅም ነበር። ስምንት ወር በወንበራቸው፣ በትራሳቸው ላይ ተቀምጬ የት እንደሚበሉ አንድ ቀን ጠይቄ አላውቅም።

ማታ ለሚስቴ ነገርኳት። የአዳራሹን ውርደት ቀድማ ሰምታ ሆዷን ይዛ ስቃለች፤ የእትዬን ነገር ግን ደብቄያት ነበር። አሁን ሁሉንም ስነግራት ታጥፈው የነበረውን ልብስ ተወችው።

«ሴትዮዋ ያን ቀን እንዴት ሆነው ቤታቸው ገቡ?» አለችኝ።

ይህንንም አላሰብኩትም ነበር።

በማግስቱ እትዬን ውኃ ሲቀዱ አገኘኋቸው። «እትዬ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ» አልኩ። «ጊታሩን ማንም አልነካውም። እኔ ነኝ መጫወት የማልችለው። ባንድ ውስጥም ኖሬ አላውቅም።»

«አውቃለሁ» አሉ ባልዲውን እያስቀመጡ። «ስምንት ወር ሰምቼሃለሁ። ያችኑ አንዲት ዘፈን። መጨረሻዋን ሳልሰማ ልሞት ነው እያልኩ ነበር።»

«ታዲያ ለምን ዝም አሉ?»

«ፊትህን አየሁት። ልታለቅስ ነበር፤ አሳዘንከኝ። ለአንድ ቀን ነው፣ ይለፍለት ብዬ ነው። ቁልፉን ይወስዱብኛል ብዬ አላሰብኩም።» ድምፃቸው ጠነከረ። «አሁን የመሥሪያ ቤታችን ሕክምና ክፍል ልጅ፣ የሰው ዕቃ የምነካካ መስያት፣ ቦርሳዋን እኔ ሳልፍ ትዘጋለች። በዚህ ዕድሜዬ።»

«ምን ላድርግ?»

«እኔን ምን ትጠይቀኛለህ? የከሰስከኝ በቧንቧ አጠገብ ነው?»

ሰኞ ሰኞ ጠዋት ሁሉም ሠራተኛ ተሰብስቦ የሳምንቱ ሥራ ይደለደላል። በመጀመሪያው ሰኞ እጄን ላነሳ ስል ስብሰባው አለቀ፤ ሆን ብዬ ነው የዘገየሁት። በሁለተኛው አሞኛል ብዬ ቀረሁ። በሦስተኛው ራዲዮ ስለ መኪናው ጎማ እያወራ ሳለ ብድግ አልኩ።

«አንድ የምናገረው አለኝ» አልኩ። «ጋሼ ማኅተምን የሸኘን ቀን ጊታሩን ማንም አልነካውም። ቅኝቱ ደህና ነበር። እኔ ጀማሪ ነኝ፤ ከጀመርኩ ስምንት ወር ብቻ ነበር። ባንድ የሚባለውም ውሸት ነው። ሆቴልም አልተጫወትኩም፣ ሦስትም አራትም ዓመት። እትዬን በሐሰት ነው የከሰስኩት።»

ጆሮዬ እንደ ምድጃ ነደደ። መጀመሪያ ራዲዮ ሳቀ፣ ከዚያ ሌሎቹ፤ ሳቁ ግን ቶሎ ሞተ፣ ምክንያቱም እትዬ ከኋላ ቆመው ነበርና እሳቸው አልሳቁም። የሕክምና ክፍሏ ልጅ መሬት መሬት አየች። ሥራ አስኪያጁ ጉሮሯቸውን ጠረጉና «በጽሑፍ አድርገው» አሉኝ።

በጽሑፍ አደረግሁት። አንድ ገጽ ነው፤ ሦስት ጊዜ ገልብጬ ፈረምኩበት። ከአሥራ አምስት ቀን በኋላ ቁልፉ ለእትዬ ተመለሰ፣ የመጀመሪያውን በሚያክል ማስታወቂያ። ጊታሬን ከክፍሉ አወጣሁ። እትዬ «በሳምንት አንድ ቀን መምጣት ትችላለህ» አሉኝ፤ አመስግኜ እምቢ አልኩ። አሁን ቅዳሜ ከሰዓት ቤቴ ነው የምለማመደው። የጎረቤቶቼን በር አንኳኩቼ «ጀማሪ ነኝ፣ ታገሡኝ» ብያለሁ። አንደኛው «እናውቃለን» አለኝ።

የቀሩኝ ጋሼ ማኅተም ነበሩ። መሸኛቸውን አበላሽቻለሁና አንድ እሑድ ቤታቸው ሄጄ ሁሉንም ነገርኳቸው። በረንዳ ላይ ተቀምጠው ሰሙኝ። ጊታሩን የሚመለከተውን በእጃቸው አለፉት።

«እኔ ከእትዬ ጋር ሃያ ዓመት ሠርቻለሁ» አሉ። «አንድ ቀን አንዲት ብርጭቆ ጥለው አያውቁም። አንተ ያን ስትል ውሸት መሆኑን አውቄያለሁ። ፊት ለፊት ነበር የተቀመጥኩት፤ የመሸኛው ባለቤትም እኔ ነበርኩ። አንድ ቃል ብናገር ይበቃ ነበር።» ከዘራቸውን ወደ ጉልበታቸው አስጠጉ። «ቀኔ እንዳይበላሽብኝ ብዬ አልተናገርኩም።»

ባለቤታቸው ሻይ አመጡልን፤ እስኪበርድ ሁለታችንም አልነካነውም።

በሚቀጥለው ሐሙስ በጥገና ክፍሉ መስኮት ሳይ ጋሼ ማኅተም በከዘራ እየተደገፉ ግቢውን አቋርጠው ወደ ዕቃ ክፍሉ ሲሄዱ ተመለከትኩ። የምሳ ሰዓት ነበር። በሩን አንኳኩ፣ እትዬ ከፈቱላቸው፣ ገቡ። ግማሽ ሰዓት ያህል ቆዩ። ራዲዮ ምን ሊሉ እንደሄዱ ደጋግሞ ጠየቀኝ፤ አላውቅም አልኩት፣ ፊቴ ያለውን ቆጣሪ መፍታቴንም ቀጠልኩ።