ናስር ያመጣው ቧንቧ

«ዝጊው! ራቢዓ፣ ዝጊው እንጂ!»

ናስር ከኩሽናው ግድግዳ የሚፈናጠረውን ውኃ በሁለት መዳፉ አፍኖ ይጮኻል። ውኃው ግን በጣቶቹ መሀል እየሾለከ ሸሚዙን አርሶ ወለሉን ያጥለቀልቃል። ራቢዓ ቀሚሷን ሰብሰብ አድርጋ ወደ ግቢ ሮጠች። ከሮቶው ሥር ያለው የውኃ መዝጊያ፣ ሳራቺኔስካው፣ ዝጎ ስለከረመ በሻርፗ ጫፍ ይዛ፣ ጥርሷን ነክሳ አዞረችው።

ወንድሟ አሮጌውን ቧንቧ የፈታው ውኃውን ሳይዘጋ ነበር። ቅዳሜ ገበያ ሠላሳ ዓመት ጨርቅ ሲለካ የኖረ ሰው እንግሊዝ ቁልፍ ቢጨብጥ ከዚህ የተሻለ አይጠበቅም፤ ቸኩሎ ሲጨብጥ ደግሞ ይብስበታል። ለምን እንደቸኮለ ራቢዓ አልጠየቀችም።

ስትመለስ ሳቋ ቀደማት።

«አያ፣ የሳምንቱን ውኃ ባንዴ ጨረስከው እኮ! ፈረቃችን ገና ከነገ ወዲያ ነው።»

«ተይ እስቲ፣ አትሳቂብኝ። መወልወያ አምጪ።»

ሌላ ቀን ቢሆን ለዚያ ሁሉ ውኃ ታለቅስ ነበር። አዲስ ዓለም ሰፈር ውስጥ ውኃ የሚመጣው በስምንት ቀን አንዴ ነው። ቧንቧው መንጠባጠብ ከጀመረ ጀምሮ፣ አራት ወር ሙሉ፣ ሥሩ ሳፋ እየደቀነች በተጠራቀመው ለሶላት ዉዱእ ስታደርግ ኖራለች። ገና በመጀመሪያው ሳምንት የተበላውን ጎሚኒ የሚተካ አዲስ ጎሚኒ ከሱቅ ገዝታ ነበር፤ ከጣት ቀለበት የማትበልጥ ጥቁር ላስቲክ ናት። ለናስር ስትደውልለት ግን፣ «እንዳትነኪው፣ ታበላሺዋለሽ፤ እኔ እመጣለሁ» አላት። ታላቅ ወንድም እመጣለሁ ካለ ይጠበቃል። ጎሚኒዋ በስፌት መኪናዋ መሳቢያ ውስጥ፣ ከክርና ከመነጽሯ ጋር ተቀመጠች።

ዛሬ ናስር ሊሠራው መጣ። የመጣው ደግሞ ከነካርቶኑ አዲስ የሚያብረቀርቅ፣ ሙቁንና ቀዝቃዛውን የሚያደባልቅ ቧንቧ ይዞ ነው።

«ምነው አያ፣ ይህን ሁሉ? ጎሚኒው ቢለወጥ ይበቃ ነበር እኮ።»

«ለእህቴ ምን ይበዛባታል?»

ይህች ቃል ሆዷን አባባችው። ትዳሯን ጥላ መጥታ እናታቸውን አሥራ አንድ ዓመት ያስታመመችው እሷ ናት፤ ያገላበጠችው፣ ያጠበችው፣ ያጎረሰችው። እናታቸው ስትሞት ሽማግሌዎች ቤቱ ለወራሾቹ ይከፈል ሲሉ፣ ናስር በሰው ሁሉ ፊት ተነሥቶ፣ «እኔ በሕይወት እያለሁ ራቢዓን ከዚህ ቤት የሚነቀንቃት የለም» አለ። ከዚያ በኋላ ድርሻዬን ብላ መጠየቅ አፈረች። ካለዚህ ቤት መውደቂያ የላትም፤ የደንበኞቿን ልብስ የምትሰፋውም በዚሁ ቤት መስኮት ሥር ነው። እሱ እንዲያ ካለ ግን ሌላ ምን ትፈልጋለች?

አምና ደግሞ፣ «የውኃ ቆጣሪውን ከእማ ስም ለማዞር ውክልና ስጪኝ» ብሎ ሰነድ ማረጋገጫ ቢሮ ወሰዳት። ሰነድ የሚያረጋግጠው ሠራተኛ፣ «አንብበውታል?» ብሎ ጠየቃት። መነጽሯ ቦርሳዋ ውስጥ ነበር። ወንድም አጠገቧ ቆሞ መነጽር አውጥቶ ወረቀት መመርመር፣ ሌባ ብሎ ከመስደብ በምን ይለያል? «ወንድሜ እኮ ነው» አለችና ፈረመች።

ናስር ቴፍሎን ጠምጥሞ አዲሱን ቧንቧ ግድግዳው ላይ ገጠመ። የመጨረሻዋን ብሎን እያጠበቀ ሳለ የግቢው በር ተንኳኳ፤ ወዲያውም አንዲት ወይዘሮ ፈገግ ብላ ኩሽናው ድረስ ዘለቀች። ፈህሚያ ነበረች። ባለፈው ሳምንት ናስር፣ «ወዳጆቼ ናቸው፣ ከኮላ ድባ» ብሎ እሷንና ባሏን ለምሳ ይዟቸው መጥቶ ነበር። ራቢዓም ዶሮ አሳርዳ አብልታቸዋለች።

«አሰላሙ ዐለይኩም፣ እትዬ ራቢዓ! ባለቤቴ በር ላይ መኪና ውስጥ ነው፤ እኔ ለደቂቃ ልይ ብዬ ነው።» ወደ ግድግዳው ዞረች። «ማሻአላህ! ተቀየረልን እንዴ?»

«ዛሬ ናስር…» አለችና ራቢዓ ቆም አለች። «ተቀየረልን ነው ያልሽው?»

«ያን ዕለት ሳህን ላለቃልቅ ብዬ ስከፍተው አልዘጋ አለኝ እኮ። ለናስር፣ ‹ቤቱ ሸጋ ነው፤ ውል ሳንፈርም ይቺን የኩሽና ቧንቧ ብቻ አሠራልን› አልኩት። ቃሉን አከበረ።»

«የምን ውል?»

«የነገውን ነዋ!» ፈህሚያ እጇን ትከሻዋ ላይ አሳረፈች። «አይዘኑ፣ እትዬ። የእናት ቤት መልቀቅ ከባድ ነው፤ ግን የሚሄዱበት ጠዳ ቅርብ ነው፣ አየሩም ሸጋ ነው አሉ። እርስዎ ራስዎ ወደው ውክልናውን ባይሰጡት ኖሮ እኛም አንደፍርም ነበር።»

እንግሊዝ ቁልፉ ከናስር እጅ አምልጦ ላቫንዲኖው ውስጥ ወደቀ።

«ፈህሚያ፣ ማታ እደውልልሻለሁ» አለ ፊቱን ሳያዞር።

ፈህሚያ አንዴ ወንድምየውን፣ አንዴ እህትየውን አየች። ፈገግታዋ ጠፋ። «አያውቁም እንዴ?» አለች። «ያ ረቢ! አላህ ምስክሬ ነው እትዬ፣ የሚያውቁ መስሎኝ ነው» ብላ ሻርፗን አስተካክላ ወጣች።

ያመኑት ፈረስ ጣለ በደንደስ ይባላል። ራቢዓ ተረቱን ከልጅነቷ ጀምሮ ስትሰማ፣ ፈረሱ የሰው ፈረስ ይመስላት ነበር። በርጩማው ላይ ተቀመጠች። ከሁሉ ያንገበገባት ዶሮው ነበር። ቤቷን ሊወስዱ የመጡትን ሰዎች «ብሉልኝ፣ በሞቴ» እያለች ስትለማመጥ፣ ናስር ጎኗ ተቀምጦ አብሯት «ብሉ፣ ብሉ» ሲል ነበር።

«ልነግርሽ ነበር» አለ ናስር።

«መቼ?»

«ዛሬ። ቧንቧውን ከሠራሁ በኋላ።»

«ቧንቧው ካልተሠራ አይነገርም?»

«ራቢዓ፣ ሱቁ ሊዘጋብኝ ነው። መንገዱ እንደሚዘጋጋ ታውቂያለሽ፤ ዕቃ አይገባ፣ ሰው አይገዛ። ጠዳ ካለው የሱቄ መጋዘን ጓሮ አንዲት ሸጋ ክፍል አሳድሼልሻለሁ፣ መስኮት ያላት…»

«‹ራቢዓን የሚነቀንቃት የለም› ያለው ማን ነው?»

ናስር ወለሉ ላይ ያለውን ውኃ በጫማው ገፋ አደረገ።

«ብትነግረኝ እኮ እሰጥህ ነበር» አለችው። «የሞኝ ነገር! ‹ቸገረኝ› ብትለኝ አልቅሼም ቢሆን እሰጥህ ነበር። አንተ ግን እኔን ምሳ አሠርተህ ቤቴን አሳየሃቸው።»

ዕንባዋን በሻርፗ ጠረገችና ተነሣች። ከስፌት መኪናዋ መሳቢያ ውስጥ ጎሚኒዋንና መነጽሯን አወጣች። መነጽሩን ኪሷ ከተተች። ላቫንዲኖው ውስጥ የወደቀውን ቁልፍ አንሥታ አዲሱን ቧንቧ መፍታት ጀመረች።

«ምን እየሠራሽ ነው? አሁን እኮ ነው የገጠምኩት!»

እሱ ያጠበቀውን ለማላላት ሁለት እጅ አስፈለጋት፤ ግን ተፈታ። ፈትታም ካርቶኑ ውስጥ መለሰችው። ከዚያ አሮጌውን ቧንቧ ጭኗ ላይ አስቀምጣ እጀታውን በካቻቢቴ ነቀለች፣ የላይኛውን ራስ ፈታች። ሥሩ ያለው ላስቲክ አልቆ እንደ ወረቀት ሳስቷል። በጥፍሯ ፈልቅቃ ጣለችውና አዲሷን ጎሚኒ አስገባች። ሩብ ሰዓት እንኳ አልፈጀባትም። አራት ወር የጠበቀችው ይህንን ነበር።

አሮጌውን ቧንቧ ግድግዳው ላይ መልሳ አጠበቀች።

«ሂድና ውኃውን ክፈት፣ ናስር።»

አያ ሳትለው ስሙን ስትጠራ በዕድሜዋ ሙሉ የመጀመሪያዋ ነው። ናስርም እንደታዘዘ ልጅ ወጣ። ከሮቶው የተረፈው ውኃ እየተንፎለፎለ መጣ፤ ከፈተችው፣ ዘጋችው። ሳፋውን ከሥሩ ደቅና ጠበቀች። ጠብ አላለም።

ናስር ሲመለስ ካርቶኑን አሳቀፈችው።

«ይሄን ለገዛህበት ሱቅ መልሰው። አሁን ወረቀቱን አውጣ።»

«የትኛውን ወረቀት?»

«የፈረምኩትን። ለነገ ይዘኸው ነው የመጣኸው።»

ናስር ካርቶኑን በብብቱ ይዞ ከቦርሳው የታጠፈ ወረቀት አወጣ። ራቢዓ ተቀብላው በርጩማዋ ላይ ተቀመጠች።

«ነገ ቢሮው ሲከፈት በሩ ላይ ነኝ፤ እሽረዋለሁ። ዛሬ ግን ምን እንደፈረምኩ ልወቅ» አለች።

መነጽሯን ከኪሷ አወጣች። በሻርፗ ጫፍ ወለወለችውና ወንድሟ ፊት ዐይኗ ላይ አደረገችው። ከመጀመሪያው መስመር ጀምራ፣ ጮክ ብላ፣ ቃል ሳትዘል ማንበብ ጀመረች። ናስር እርጥብ ሸሚዙን እንደለበሰ ቆሞ ሰማት።