ከዋርካው ምንጭ በላይ ያለው ቦይ

ሰቆጣ ላይ ግንቦት ሲጋመስ ሰው ሁሉ ዓይኑ ሰማይ ላይ ነው። በዘጠና ስድስት ዓመተ ምሕረት ግን የከተማው ውሃ ጽሕፈት ቤት ባለሙያ የነበረችው ፅዮን ዝናቡን የምትጠብቀው ለእርሻ አልነበረም። አንድ ነገር ማወቅ ፈልጋ ነበር።

ነገሩ የተነሣው ማዘጋጃ ቤት በተደረገ ስብሰባ ነው። ከቤተ ክርስቲያኑ በታች፣ ከአሮጌው ዋርካ ሥር የሚፈልቀው ምንጭ በድንጋይና በአፈር ይደፈን ተባለ። ቧንቧ በማይደርስበት በዚያ ሰፈር ሰው ሁሉ የሚቀዳው ከእሱ ነው። ሆኖም ሁለት ክረምት በተከታታይ ሕፃናቱ በተቅማጥ ሲወድቁ፣ እናቶች በሆስፒታሉ ኮሪደር ላይ አንጥፈው ሲያድሩ ከርመዋል። አንዱ ተሰብሳቢ ግንቡ ሳይሰነጠቅ እንዳልቀረ፣ ድሮም ሲሠራ ጥድፊያ እንደነበረበት መናገር ጀመረና ፅዮንን ሲያያት ቀሪውን ዋጠው። ምንጩን በግንብ ያሳነጸው ባሏ ደግሰው ነበር። ደግሰው ለሥራ ወልዲያ እንደወረደ እዚያው ከሞተ ሦስተኛ ዓመቱን ሊይዝ ነው። የሰፈሩ ሰው ምንጩን "የደግሰው ውሃ" ይለዋል። እሷ ግን ቢሮም ሆነ ውጭ ስትጠራው "የዋርካው ምንጭ" ነው የምትለው።

ፅዮን በስብሰባው ላይ ስለ ባሏ አንድም ቃል አልተነፈሰችም። ቆሻሻው በየት በኩል እንደሚገባ ሳይታወቅ ምንጩ ቢደፈን ሴቶቹ ወደ ወንዝ እንደሚወርዱ፣ የወንዙ ውሃ ደግሞ የባሰ እንደሆነ አስረዳችና አንድ ክረምት ይሰጠኝ አለች። ሰጧት። ክረምቱ ሲያልፍ ምክንያቱን ካላመጣች ግን ምንጩ ይደፈናል።

መጀመሪያ ያየችው ግንቡን ነው። ግንበኛው ምንዋጋው፣ ያኔ ከደግሰው ጋር ድንጋዩን የጠረበው ሰው፣ ክዳኑን አነሣላት። ውሃውን አስጠልፈው ግድግዳውን በቡሩሽ ፈትገው ዳሰሱት። ስንጥቅ አልነበረም። ፅዮን ቀለል አላት፤ ወዲያው ደግሞ ሌላ ጥያቄ መጣባት። ግንቡ ደህና ከሆነ፣ ከግንቡ በላይ የወረደውን ጎርፍ ወደ ገደሉ የሚመልስ ቦይም ካለ፣ ውሃው ምን ነካው? ያንን ቦይም ያስቆፈረው ደግሰው ነው። በድንጋይ ተነጥፎ ዳገቱን አግድም ያቋርጥና ምንጩን አልፎ ይወርዳል። አንድ ጠብታ ጎርፍ ወደ ዋርካው እንዳይደርስ ተብሎ የተሠራ ነው።

ሰኔ ገባና የመጀመሪያው ከባድ ዝናብ ሌሊቱን ሲወርድ አደረ። ፅዮን ጠዋት ጃንጥላዋን ይዛ ዳገቱን ስትወጣ ከቦዩ በላይ የሚኖሩት አሮጊት እማማ እታለም ከሽንት ቤታቸው ጀርባ ድጅኖ ይዘው አንድ ትልቅ ድንጋይ ሲፈነቅሉ አገኘቻቸው። ቀሚሳቸውን እስከ ጉልበታቸው ሰብስበው ታጥቀው፣ በአገውኛቸው፣ በኽምጣንጋ፣ ለራሳቸው እያጉረመረሙ ነበር።

ምን እያደረጉ እንደሆነ ጠየቀቻቸው።

"ለጎርፍ እየሰጠሁ ነዋ" አሉ፣ ይሄም ይጠየቃል ወይ በሚል ድምፅ። "ነይ ያዥልኝ እንጂ፤ የቢሮ ሰው ሁልጊዜ ቆሞ ነው የሚያየው።"

ፅዮን ጃንጥላዋን ጥላ አብራ ገፋች። ድንጋዩ ሲነሣ ዓመቱን ሙሉ የተጠራቀመው ተንሸራቶ ወጣና ከጎርፉ ጋር ተቀላቅሎ ወደ ቦዩ ወረደ። ሁለቱም አፍንጫቸውን ይዘው ወደ ኋላ አሉ። እማማ እታለም ሳቁባት።

ወሬውን የነገሯት እዚያው ቆመው ነው። በዚያ ዳገት ሽንት ቤት ሲሠራ የጀርባው ድንጋይ ጭቃ አይመረግበትም፤ ሰኔ ላይ እንዲነሣ ታስቦ ነው የሚቀመጠው። የመጀመሪያው ጎርፍ ጉልበተኛ ስለሆነ ሁሉን ጠርጎ ተከዜ ያደርሰዋል ይባላል። የዘገየ ሰው ደካማው ጎርፍ ላይ ይደርስና ሽታው ደጁ ላይ ይከርማል። ስለዚህ ሁሉም በአንድ ጠዋት ይሰጣል። ፅዮን ቀና ስትል እውነትም ከላይ ካለው ከየግቢው የድጅኖ ድምፅ ይሰማል። ደግሰው ቦዩን ሲያስቆፍር ከበላዩ የነበረው ግቢ የእማማ እታለም ብቻ ነበር። አሁን ዳገቱ በቤት ተሞልቷል።

ፅዮን ይህ እንዳይደረግ የሚናገር ሰው አልመጣም ወይ ብላ ጠየቀች። መጥተዋል አሉ፤ አንዱ ሽንት ቤት ቆፍሩ ብሎ ሄደ፣ ሌላው ቦዩን አትዝጉ ብሎ ሄደ፣ ሌላው ምንጩን እጠሩ ብሎ ሄደ።

"እስቲ ልጠይቅሽ" አሉ እማማ እታለም፣ እጃቸውን በዝናቡ እየታጠቡ። "ሽንት ቤቱ የጤናዎቹ፣ ቦዩ የማዘጋጃ፣ ምንጩ የናንተ ነው። ጎርፉስ የማን ነው?"

ፅዮን ወደ ቤቷ ስትመለስ የምታብሰለስለው ግን ሌላ ነገር ነበር። ቦዩ ምንጩን አልፎ ነው የሚሄደው። በቦዩ ውስጥ የወረደው ሁሉ ገደል ከገባ ምንጩን አያገኘውም። ልቧ እንዲህ እንዲሆን ፈልጓል፤ መፈለጉን ስላወቀችበትም አላመነችውም።

ለቅዳሜ ገበያ ወጥታ ሴቶች ሙዳይና መሶብ የሚሰፉበትን ስንደዶ የሚነክሩበትን ቀለም ገዛች። ሻጯ ምን ልትሰፊ ነው ብትላት ገና አላወቅሁም አለቻት። ቀዩን ነበር ያነሣችው። በቤተ ክርስቲያኑ በኩል ስታልፍ ግን ለመሪጌታ ወልደ ጻድቅ ቀለሙን ቦዩ ውስጥ ለቅቃ ምንጩ ላይ መውጣት አለመውጣቱን ልታይ እንዳሰበች ነገረቻቸው፤ ቀለሙ የሚፈስ ቀን ሰው እንዳይቀዳ ከቅዳሴ በኋላ እንዲያስታውቁላት ፈልጋ ነው። መሪጌታ ጥቅሉን ገልጠው አዩና መልሰው ሸፈኑት።

"ቀይ ከሆነ እኔ ባስታውቅም አይሰሙኝም፤ ውሃው ደም ሆነ ብለው ምህላ ይይዛሉ" አሏት። "እኔም ሳልጨርስ ዕጣን አምጡ እባል ይሆናል። ሌላ ቀለም የለም?"

ተመልሳ ወይን ጠጁን ቀየረች።

ዝናቡ በደንብ በባሰበት ቀን ከሰዓት በኋላ ምንዋጋው ቀለሙን በባልዲ በጥብጦ ከእማማ እታለም ግቢ በታች ቦዩ ውስጥ ለቀቀው። ፅዮን ከዋርካው ሥር ጆንያ ተከናንባ ተቀመጠች። መሪጌታም ሰፋ ያለ ጃንጥላቸውን ይዘው ወርደው አጠገቧ ቆሙ፤ ማየት ፈልገው ነው እንጂ ሥራ አልነበራቸውም። ውሃው ንጹሕ ሆኖ ሲፈስ ቆየ። መሪጌታ ገደል ገብቷል ማለት ነው አሉ። ዝናቡ አባራ፣ ወፎች ወጡ፣ ዋርካው መንጠባጠቡን ተወ። እሷም ልትነሣ ጉልበቷን ስትይዝ፣ ከግንቡ በስተግራ ካለችው ትንሿ የውሃ መውጫ ዓይን አንዲት ቀጭን ወይን ጠጅ ክር ብቅ አለች። ክሯ ተጠማዘዘች፣ ወፈረች፣ ከዚያ ገንዳውን ሁሉ ሞላችው።

ፅዮንን በመጀመሪያ የያዛት ኀዘን አይደለም፤ መደነቅ ነው። ውሃው ከላይ ከጎርፉ ጋር ሳይሆን ከመሬቱ ሆድ ውስጥ ዞሮ፣ ማንም ባልጠበቀው በኩል ነበር የመጣው። የት ገብቶ ነው? የት ሲዞር ቆየ? ኀዘኑ የመጣው ቆይቶ ነው፤ እሱንም ለማንም አላሳየችም።

በሚቀጥሉት ዝናቦች ቀለሙን ከአንዱ ቦታ ወደ ሌላው እያወረደች ለቀቀች። ከቦዩ መታጠፊያ በታች ሲለቀቅ ምንጩ ንጹሕ ይሆናል፤ ከመታጠፊያው በላይ ከሆነ ቀለሙ ይወጣበታል። እዚያ የቦዩን ንጣፍ ሲያነሡት ከሥሩ ያለው አለት እንደ እንጀራ ድርብ በንብርብር የተኛ፣ በመሐሉም ክንድ የሚያስገባ ስንጥቅ ያለበት ሆኖ ተገኘ። የምንጩ ውሃ ራሱ የሚመጣው በዚያ ንብርብር ውስጥ ነው። ደግሰው ቦዩን ከምንጩ በላይ ሲያሳልፍ ያሳለፈው ከምንጩ ጣሪያ ላይ ነበር። ያኔ ዳገቱ ላይ ሽንት ቤት ሳይቆፈር በቦዩ ይወርድ የነበረው የዝናብ ውሃ ብቻ ስለሆነ ማንም አልታመመም።

ምንዋጋው ስንጥቁን አይቶ ለረጅም ጊዜ ቁጢጥ ብሎ ቀረ። ከዚያ ማንም በሌለበት ቀስ ብሎ አናገራት።

"እህቴ፣ ይሄን እኔና አንቺ ነን ያየነው። በሲሚንቶ ልድፈነው። ጥፋቱ የሽንት ቤቶቹ ነው በይ፤ ውሸትም አይሆንብሽም።"

"ሲሚንቶው ስንት ክረምት ይይዛል፣ ጋሼ?"

"ሁለት። ሦስትም ሊይዝ ይችላል።"

"ከዚያ በኋላስ?"

ምንዋጋው ቦዩን ሲሠሩ የሳቁትን፣ የተጣሉትን እያስታወሰ፣ ደግሰው መታጠፊያው ላይ ቁጭ ብሎ ቆሎ ይበላ የነበረበትን ድንጋይ እያየ ነበር። ፅዮንም ድንጋዩን ታውቀዋለች።

"ያፍርሱት" አለች። "ቦዩ ይህን አለት ዞሮ ከዋርካው በታች ይሂድ፤ ከዚህ ይጀምሩ።"

"ሰው የደግሰው ሥራ ፈረሰ ይላል።"

"ይበል። የደግሰው ሥራ ውሃው ነው።"

ባሏ ከሞተ ወዲህ ስሙን ሥራ ላይ ስትጠራ ምንዋጋው የሰማው ያን ቀን ነው። ድጅኖውን አነሣ።

ለማዘጋጃ ቤቱ ያየችውን እንዳለ ነገረች፤ ቦዩ የተሠራበት ቦታ ስህተት መሆኑን ሳትሸሽግ፣ ቦዩ ብቻ ቢነሣ ግን እንደማይበቃ ጨምራ። የጤናውም፣ የማዘጋጃውም፣ የውሃውም ሰዎች አብረው ዳገቱን እንዲወጡ ለመነቻቸው፤ ወጡ። ያን ክረምት ሰው ውሃ አፍልቶ ጠጣ። በበጋ አዲሱ ቦይ ተቆፈረ፤ በመጨረሻውም ላይ ጎርፉ የሚያርፍበትና ሸንበቆ የተተከለበት ጉድጓድ ተበጀለት። የሽንት ቤቶቹ የጀርባ ድንጋዮች በሲሚንቶ ታሰሩ። እያንዳንዱ ሽንት ቤት በተራ አርፎ፣ አመድ እየተነሰነሰበት ከደረቀ በኋላ በበጋ እንዲጠረግ ተስማሙ። እማማ እታለም ሽታ የሌለው ነገር ጠርጎ ማውጣት ለአሮጊት የተሰጠ ክብር ነው እያሉ አላገጡባት፤ ድንጋያቸውን ግን ቀድመው ያሳሰሩት እሳቸው ናቸው።

በተከታዩ ሰኔ ከመጀመሪያው ከባድ ዝናብ በኋላ ከዳገቱ የድጅኖ ድምፅ አልተሰማም። ፅዮን የተረፋትን ቀለም አዲሱ ቦይ ውስጥ ለቃ ከዋርካው ሥር ተቀመጠች። ውሃው ንጹሕ ነበር። እስኪመሽ ጠበቀች፤ በማግስቱም ጠዋት መጥታ አየች። ሴቶቹ መቅዳት እንደሚችሉ ስትነግራቸው አንዷ ከገንዳው ላይ ጎንበስ ብላ የደግሰው ውሃ ጠራ አለች። ፅዮን አላረማትም።

እሑድ ቤተ ክርስቲያን ስትሳለም ጣቶቿ ጥፍራቸው ሥር ድረስ ወይን ጠጅ ነበሩ። በነጠላዋ ጫፍ ልትሸፍናቸው ስትል መሪጌታ አይተውባት ኖሯል፤ ሲያልፉ ጎንበስ ብለው ቀለሙ የት ወጣ ሲሉ ጠየቋት።

"ሸንበቆው ጋ" አለቻቸው።