የአማቴ ምስክር

አማቴ፣ የሚስቴ እናት፣ ዘጠናን ካለፉ ቆይተዋል። እኛ ዘንድ መኖር ከጀመሩ ወዲህ ሥራ ቦታዬ ላይ ሰላም የለኝም። አናጢ ነኝ፤ የምሠራው ከቤታችን ሥር ባለው ክፍል ነው። እሳቸው ነጋ ጠባ ደረጃውን ወርደው፣ መነጽራቸውን አፍንጫቸው ጫፍ ላይ አድርገው፣ የሠራሁትን ሁሉ በጣታቸው ይዳስሳሉ። ዕድሜያቸውን ሙሉ ልብስ ሲሰፉ ስለኖሩ የክር ውፍረት የምታህል ስህተት እንኳ አታመልጣቸውም። ይህን ለሚስቴም፣ ለደንበኞቼም፣ ለፀጉር አስተካካዬም ሳይቀር አማርሬያለሁ።

ሚስቴ ደግሞ ሌላ ጉድ ናት። የእኛ የሆነ ደህና ነገር ሰው ፊት አይወደስም፤ ዓይን ያርፍበታል ትላለች። አዲስ ቁም ሣጥን ሠርቼላት ጎረቤት ሲያደንቅ «ኧረ በሩ አይገጥምም» አለች። በሩ ልክክ ብሎ ነው የሚገጥመው። ልጃችን ከክፍሉ አንደኛ ሲወጣ «እንዲያው ይፍጨረጨራል» ነው መልሷ። ስለ እናቷማ የጠየቃት ሁሉ የሚሰማው አንድ ቃል ነው፤ «ደክማለች።»

ያን ቀን ጠዋት አማቴ አንድ ወንበሬን ገልብጠው እግሩን ሲመረምሩ ነበር።

«አንተ ሰው፣ ስንቴ ልንገርህ፣ ይህ እግር...» አሉና ቆሙ።

አፋቸው ወደ አንድ ጎን ተጣመመ፤ ቀኝ እጃቸው ተንጠለጠለ። የጀመሩትን ቁጣ ሳይጨርሱ ሲቀሩ ሳይ ያ የመጀመሪያዬ ነው። ደግፌ አስተኛኋቸውና ሚስቴን ተጣርቼ አምቡላንስ ጠራሁ።

ሆስፒታል እንደደረስን ጭንቅላታቸውን ፎቶ አነሷቸው። ከዚያ አንዲት ወጣት ሐኪም ኮሪደሩ ድረስ መጣች።

«አንጎላቸው ውስጥ አንድ ትልቅ የደም ሥር በረጋ ደም ተዘግቷል» አለችን። «በብሽሽታቸው በኩል ቀጭን ቱቦ አስገብተን ስበን ልናወጣው እንችላለን። ካልወጣ መናገርም መራመድም የሚችሉ አይመስለኝም። ግን አደጋ አለው፤ ከድሮም አልጋ ላይ ለዋለ ሰው ደግሞ ጥቅሙ ትንሽ ነው። ዕድሜያቸው ብቻውን አይከለክለንም። እስከ ዛሬ ጠዋት እንዴት ነበሩ?»

አግዳሚው ላይ የተደረደሩት ጠያቂዎች ሁሉ ወደ እኛ ዞሩ። ሚስቴ እንባ ባቀረሩ ዓይኖቿ አየቻቸውና አፏ የለመደውን ተናገረ።

«ደክማለች። ምን ጤና አላት፤ ከቤትም አትወጣም።»

ሐኪሟ በሐዘን ራሷን ነቀነቀች። «ከአልጋ የሚያነሳቸው ሰው ነበር ማለት ነው?»

በሚስቴ አመል አማቴን ልናጣቸው ነው።

«ውሸት ነው፣ ዶክተር» አልኩ። «እኔን ከአልጋ የሚያነሱኝ እሳቸው ናቸው።»

«ደረጃ ይወጣሉ?»

«ቀድመውኝ። ላይ ሆነው ምነው ዘገየህ ይሉኛል።»

«ልብሳቸውን ራሳቸው ይለብሳሉ?»

«የእኔንም እሳቸው ናቸው የሚመርጡት። ዛሬ ጠዋት ሸሚዝ አስቀይረውኛል።»

«ነገር ይረሳሉ?»

«ምነው በረሱ! ለሠርጋችን የሠራሁት ጠረጴዛ ይንገዳገድ እንደነበር እስከ ዛሬ ያነሱብኛል።»

አግዳሚው ላይ አንዱ ሳቀ። እኔ ግን ማቆም አቃተኝ፤ ስንት ዓመት ያማረርኩበት ሁሉ ተራ በተራ ወጣ። መሃል ላይ አንድ ነገር ገባኝ። ለካ ሥራዬን እንደሳቸው ልብ ብሎ የሚያይልኝ ሰው የለኝም።

ሐኪሟ ወደ ሚስቴ ዞረች። «እውነት ነው?»

ሚስቴ አግዳሚውን ገልመጥ አደረገችና ወደ ሐኪሟ ጆሮ ጠጋ አለች። «እውነት ነው፤ ግን ቀስ ይበሉ፣ ሰው ይሰማል።»

ሐኪሟ ሳቋን ዋጥ አድርጋ «በሉ ፈርሙልኝ፣ ጊዜ የለንም» አለች። ወዲያው አማቴን ይዘው ገቡ።

እኔና ሚስቴ በሩን እያየን ቁጭ አልን። «በዚያ ሁሉ ሰው ፊት አወደስካት» አለችኝ።

«መች አወደስኳቸው? ከሰስኳቸው እንጂ» አልኳት። በእንባዋ መሃል ፈገግ ስትል እጇን ያዝኳት።

ሐኪሟ ስትመለስ ፊቷ ነገረን። «ወጥቷል። ይህን ሁሉ ያመጣው የሩዝ ፍሬ የሚያህል ነገር ነው።»

ማምሻውን ስንገባ አማቴ ቀኝ እጃቸውን እየተንቀጠቀጠም ቢሆን አነሱና የሸሚዜን ኮሌታ ያዙ። አፋቸው ቃል ሲፈልግ ቆየ።

«ይህ... እግር... አጭር ነው» አሉ።

በስድብ የተደሰተ አማች ካለ እኔ ነኝ። እንደ ሕፃን ነው ያለቀስኩት። ቤት ሄጄ ወንበሩን ስለካው እውነትም አጭር ነበር።

አሁን ቤት ገብተዋል። ቀኝ እጃቸው ገና አልጠናም፤ ከዘራም ይዘዋል፤ ወደ ሥራ ቦታዬ መውረዱን ግን አልተዉም። ትናንት አንዲት ጎረቤታችን ልትጠይቃቸው መጥታ ሥራ ቦታዬ በር ላይ «እናታችሁ እንዴት ሆኑ?» አለች።

«ኧረ ደክማለች» አለች ሚስቴ።

አማቴ ደረጃው ላይ ነበሩ፤ ሰምተዋል። ቀስ ብለው ወርደው አጠገቤ ቆሙ።

«ልክ ነሽ ልጄ፤ ለጎረቤት ደክማለች በይ» አሉ። ቀጥለው ከዘራቸውን ወደ እኔ ቀሰሩ። «ሐኪም ከጠየቀ ግን ይሄ ይናገርልኝ።»