ከጀርባ የሚወጣው መንገድ

በአሮጌው መንገድ አፍ ላይ ገመድ ተወጥሯል። ከገመዱ ኋላ የቆመው ቢጫ ሰሌዳ "ሣሩ እስኪያገግም ማለፍ ክልክል ነው" ይላል። ጆምሱን ሰሌዳውን አንብባ ጨረሰችና እንደገና ከመጀመሪያው አነበበችው፤ ሁለተኛው ንባብ ሌላ ነገር የሚነግራት ይመስል። ባሏ ቦንግቹል የሣር ማጨጃውን ማሽን ትከሻው ላይ እንዳንጠለጠለ ከኋላዋ ያለከልካል።

"ገመድ ነው እኮ፤ እግርሽን አንሥተሽ እለፊ" አላት።

እግሯን ልታነሣ ስትል ከጥዶቹ መሃል አረንጓዴ ሰደርያ የለበሰ ወጣት ብቅ አለ። የፓርኩ ጠባቂ ሀንቢት ነው።

"እናቴ፣ ይቅርታ፣ በዚህ በኩል አይቻልም።"

"እናትህ አይደለሁም። የኔ እናት እዚያ ጫፉ ላይ ተቀብራለች፤ ለመኸሩ በዓል ሣሯን ላጭድላት ነው።"

"አውቃለሁ እናቴ። ለመቃብር አጫጆች በአዲሱ መንገድ ተፈቅዷል፤ ማሽኑንም ይዘው መግባት ይችላሉ። በዚያኛው በኩል ወጥተው . . ."

"በዚያኛው በኩል ማለት ኮረብታውን በሙሉ መዞር ነው! በዚህ ብሄድ እኮ ሩዝ ሳይበስል እደርሳለሁ።"

"አሸዋው እየተናደ ነው። የሰው እግር ሣሩን ገደለው።"

"የኔ እግር?"

ወጣቱ አንገቱን ደፋ። ይበልጥ ያናደዳትም ይኸው ትሕትናው ነበር፤ ቢሰድባት መልስ አታጣም።

ከሌላ ቀን ይልቅ ዛሬ መቸኮሏ ያለ ምክንያት አልነበረም። ታላቅ ወንድሟ ዎንሺክ ከሰዓት በኋላ ከሴኡል ይመጣል። ባለፈው ሳምንት ስልክ ደውሎ፣ "አንቺም አረጀሽ፣ እኔም አረጀሁ። እናታችንን አስወጥተን እናቃጥላትና አመዷን እዚህ ከተማ ንጹሕ የአመድ ማኖሪያ መሳቢያ ውስጥ እናስቀምጠው። ዱር ውስጥ ከምትቀር" ብሏት ነበር።

"ዱር አይደለም። እኔ አለሁ" አለችው።

"እንግዲያው ቅዳሜ መጥቼ በዓይኔ አያለሁ። ጸድቶ ካገኘሁት አፌን እዘጋለሁ። ዱር ከሆነ ግን ቆፋሪዎቹን ተነጋግሬ ጨርሻለሁ፤ ማክሰኞ ይመጣሉ።"

አምና ጉልበቷን ታማ ስለነበር መቃብሩን ያጨደለት ሰው የለም። በዚህ ላይ የክረምቱ ዝናብ ዘንድሮ ያለ ልክ ዘነበ። ጆምሱን ይህን ለወንድሟ አልነገረችውም።

አዲሱ መንገድ ከታች እስከ ላይ የእንጨት ደረጃ ነው። በየመታጠፊያው ወንበር አለ፤ ባሕሩን ማያ ሰገነት አለ፤ የተራራ ወጪ ማኅበራት ስማቸውን ጽፈው ያንጠለጠሉት ባለ ብዙ ቀለም ጥብጣብ በየቅርንጫፉ ይወዛወዛል። እሷ መቀመጥ አልፈለገችም፤ ባሏ ደግሞ አንድም ወንበር ማለፍ አልፈለገም።

"የሚንሆ አባት፣ ተነሥ!" አለችው በልጃቸው ስም ጠርታ።

"ይቺን ብቻ። ለዚህች ወንበር እኮ ግብር ከፍያለሁ፤ ሳልቀመጥባት ብሄድ ይቆጨኛል።"

ባለ ሁለት ምርኩዝ፣ ፊታቸውን እስከ ዓይናቸው የሸፈኑ መንገደኞች በሰልፍ ወረዱ። አንዷ ማሽኑን አይታ ፊቷን አጨማደደች። "ውይ፣ ጸጥታ ፍለጋ እዚህ ድረስ መጥተን ደግሞ የሞተር ጩኸት?"

"እመቤቴ፣ ሞተሩ ገና አልተነሣም" አላት ቦንግቹል። "እስካሁን የሰሙት ሚስቴን ነው።"

መንገደኞቹ ሳቁ። ጆምሱን አልሳቀችም። ደረጃው እንደ እባብ ይጠማዘዛል፤ ባሕሩ አንዴ በግራ፣ አንዴ በቀኝ ብቅ ይላል። ዕድሜ ልኳን የኖረችበት ኮረብታ የሰው አገር መሰላት።

ላይ ሲደርሱ ሐረጉና ቁጥቋጦው የሰው ቁመት አልፏል። ተዳፋቱ ላይ ሦስት መቃብሮች በአንድ መሥመር አሉ፤ ሦስቱም ድንጋይ የላቸውም፤ ከሣሩ ሥር ክብ ጀርባቸው ብቻ ያስታውቃል። ጆምሱን አላመነታችም። የእናቷ ምንጊዜም መጀመሪያ የሚገኘው ነው። መጀመሪያ ያገኘችውን አሳየችው፤ ቦንግቹልም ማሽኑን አስነሣ።

ተርብ ወጥቶ ሁለቱንም እስከ ደረጃው ድረስ አባረራቸው፤ ተመልሰው ጀመሩ። ሐረጉ ምላጩ ላይ ተጠምጥሞ ሞተሩን አጠፋው፤ ፈትተው ጀመሩ። እሷ የታጨደውን በክንዷ እያቀፈች ስትጥል እጇ በእሾህ ደማ። ክቡ ጉብታ የተላጨ ራስ መስሎ ሲወጣ ማሽኑ ሁለት ጊዜ አስነጠሰና ዝም አለ።

"ቤንዚኑ አለቀ" አለ ቦንግቹል። "ደግነቱ ሥራውም አለቀ።"

ጆምሱን ደረቁን ዓሣና ፍሬውን ዘረጋች፤ የሩዝ ጠላውን ቀድታ ሣሩ ላይ አፈሰሰች። ሁለት ጊዜ ግንባሯን መሬት አስነክታ ሰገደች። ከዚያ ቁጭ ብላ ምሬቷን ጀመረች።

"እማዬ፣ ልጅሽ ሊያቃጥልሽ ነው። በመሳቢያ ሊያስገባሽ ነው፣ እንደ ካልሲ። መንገዱንም ዘጉብኝ። ጉልበቴን ታውቂዋለሽ . . ."

ከኋላዋ ሳቅ ሰማች። ቡንሬ ናት፤ ማጭድ ይዛለች። ቡንሬ የሰፈሯ ሰው ናት፤ ባሕሩ ሲሸሽ ጭቃው ላይ ወጥተው ቀንድ አውጣ ሲለቅሙ በክርን የምትገፋ፣ ከጆምሱን ጋር አንድ ቀን ታርቃ አንድ ቀን የምትኳረፍ ሴት።

"በይ ቀጥይ፣ አታቋርጪ። አማቼ እንዲህ የሚያወራው ሰው አግኝቶ አያውቅም።"

"ምን ትላለች ይቺ?"

"የሰገድሽው ለአማቼ፣ ለባሌ አባት ነው እላለሁ። እናትሽ ከወዲያኛው ጫፍ ናት። በአሮጌው መንገድ ሲመጣ የሷ መጀመሪያ ነው፤ በዚህ ሲመጣ የኛ። ከጀርባ መጥተሽ እኮ ነው።"

ጆምሱን ተነሥታ ባሕሩን አየች፤ ጥዶቹን አየች፤ ጣቷን ወደ አሮጌው መንገድ ቀስራ ቆጠረች። ደሟ ወደ ፊቷ ወጣ። የቡንሬ አማች ማለት በሕይወት ሳለ በድንበር ተጣልቶ የእናቷን ሰላምታ ሳይመልስ የሞተው ሽማግሌ ቸዌ ነው።

"ያንን ሁሉ ጠላ!" አለ ቦንግቹል።

"ዝም በል!"

"ምነው እትዬ ቡንሬ፣ ቀደም ብለሽ ብትመጪ ምን ነበረበት?" አላት ቦንግቹል ወደ ቡንሬ ዞሮ።

"ማሽኑ እየሠራልኝ ለምን እመጣለሁ?" አለችና ቡንሬ ከፍሬው አንዱን አንሥታ ገመጠች። ማጭዷን ግን ወደ ጆምሱን እግር ወረወረችላት።

ጆምሱን ወደ እናቷ ጉብታ ሄዳ ማጨድ ጀመረች። ሐረጉ እንደ ገመድ ጠንክሯል። አንድ ክንድ ያህል ሳታጸዳ ደረጃው ላይ የቆዳ ጫማ ድምፅ ተሰማ። ዎንሺክ ነው፤ ኮቱን ክንዱ ላይ አድርጎ በላብ ተነክሯል። ጆምሱን ማጭዷን ጥላ ከቁጥቋጦው ወጣች።

ዎንሺክ የጸዳውን መቃብር አይቶ ቆመ። ፊቱ ላላ።

"ጆምሱን . . . እውነትሽን ነው። ይህን ያህል አልጠበቅሁም።" ኮቱን አስቀመጠ፤ ተንበርክኮም ለቡንሬ አማች በክብር ሰገደ። "እማዬ፣ ይቅር በይኝ። እዚሁ ትቆያለሽ" አለ።

ቡንሬ ፍሬውን አፏ ውስጥ ይዛ ማኘክ አቆመች። ጆምሱንን አየቻት እንጂ ቃል አልተነፈሰችም። ቦንግቹል የሚስቱን እጅጌ ጎተተ። "አለቀ እኮ፤ አሸነፍሽ። ነገ ቤንዚን ይዘን መጥተን እናጭደዋለን። ማን ያውቃል?" አላት በሹክሹክታ።

እውነቱን ነው፤ አልቆ ነበር። ጆምሱን አፏን ዘግታ ልትቆም ሞከረች። ነገር ግን ወንድሟ እንደገና ጎንበስ ሲል፣ እናቷ እዚያ ማዶ በሐረግ ተሸፍና ይህን ሁሉ የምትሰማ መሰላት።

"ጋሼ፣ ተነሥ። እሷ አይደለችም።"

"ምን?"

"የሰገድክለት ሽማግሌው ቸዌ ነው። እናታችን ያቺውልህ፣ ጫካው ውስጥ። አምና አላጨድኩም። ዛሬም ተሳሳትኩ። መንገዱን ከጀርባ አደረጉትና ተሳሳትኩ!"

ዎንሺክ አንዴ ጉብታውን፣ አንዴ ቡንሬን አየ። ቡንሬ ራሷን ነቀነቀች። "የኛ ሰውዬ ነው። በሰላም ነው የመጣኸው?"

"እና ዱር ነው" አለ ዎንሺክ ቀስ ብሎ። "እንዳልኩት ዱር ነው።"

"አዎ ዱር ነው! አንተስ አወቅሃት? ድንጋይ አቆማለሁ ብለህ ስንት ዓመትህ? ማክሰኞ ቆፋሪዎችህ ቢመጡ የቱን ታሳያቸው ነበር? ይኸንኑ ነበራ! ቸዌን አቃጥለህ ሴኡል ወስደህ በየበዓሉ ስትሰግድለት ትኖር ነበር!"

"አማቼን?" አለች ቡንሬ፤ አሁን አልሳቀችም። "እስር ቤት ነበር የምሰድህ፣ ወንድሜ።"

ዎንሺክ ከተንበረከከበት ተነሣ። ላቡን ጠረገ። ከዚያ ስልኩን አውጥቶ ደወለ።

"ሄሎ፣ የማክሰኞው ይቅር . . . አይ፣ ሐሳቤን አልቀየርኩም። መቃብሩ ገና አልተገኘም . . . እሺ፣ እደውላለሁ።"

"ሐሳቤን አልቀየርኩም?" አለች ጆምሱን። "ይህን ሁሉ ሰምተህ አሁንም?"

"በበዓሉ ማግስት እንነጋገራለን አልኩ።"

"አላልክም!"

"አሁን አልኩ።" ሸሚዙን ጠቀለለና እጁን ዘረጋ። "ማጭዱን አምጪው።"

ሰጠችው። በቆዳ ጫማው ሐረጉ ውስጥ ገባ፤ አንድ ጊዜ አዳልጦት በጉልበቱ ወደቀ፤ ማንም አልሳቀም። የመጀመሪያውን ጭብጥ ሣር በተሳሳተ በኩል ይዞ ሲጎትት ጆምሱን ከኋላው ቆማ ጥርሷን ነከሰች።

"እንደሱ አይደለም ጋሼ" አለች፤ "ከሥሩ።"