የራቢዓ ኩባያ

ጓደኛዬ ኡሙሰልማ ቤት የራሴ ኩባያ አለኝ። ቀይ አበባ ያለበት፣ እጀታው የተሸረፈ። ከልጅነታችን ጀምሮ ሻይም ውሃም የምጠጣው በሱ ነው። ሌላ ሰው አይነካውም። አንዴ ታናሽ ወንድሟ ሊጠጣበት ሲል እናቷ እትዬ ሳሊሀ «የራቢዓ ነው!» ብለው በጥፊ አሉት። ደስታዬን አልቻልኩትም። ቤት ገብቼ «እዚያ ቤት እኮ እንደ ልጅ ነኝ» ስላት፣ እናቴ የምታለሰልሰውን ሸክላ ትታ አየችኝና ወደ ሥራዋ ተመለሰች። ቀናች ብዬ ነበር እኮ! ሞኝ።

ቆቦ ውስጥ በእናቴ ድስት ወጥ የማይሠራ ቤት የለም ብል አላጋነንኩም፤ የእትዬ ሳሊሀም ቤት ጭምር። ሰዉ ግን ሸክላ ሠሪን ቡዳ ይላል፣ ይህን አውቃለሁ። ኡሙሰልማ እንዲህ አስባ አታውቅም ብዬ እምል ነበር።

ባለፈው ሳምንት የኡሙሰልማ ኒካህ ነበር። ከማለዳው ጀምሮ ግቢ ስጠርግ፣ ውሃ ስቀዳ ዋልኩ። ወጥ ላማስል ስል «ተይ፣ አንቺ አትልፊ» ይሉኛል፤ ይህም ፍቅር መሰለኝ።

እንግዳ ሲበዛ ኩባያ አጠረ። አንዷ አሳላፊ ያገኘችውን አንሥታ ከዋጃ ለመጡት የሙሽራው አክስት ሻይ ቀዳችላቸው። በኔው ኩባያ። ጀሪካኔን ይዤ በር ላይ ስደርስ የእትዬ ሳሊሀ ድምፅ ከጓዳ ተሰማኝ።

«ወይ አላህዬ! ቡዳ የጠጣበትን ለአማች ትሰጫለሽ?»

እግሬ እዚያው ቀረ። ኡሙሰልማ ውስጥ ናት። አሁን ትቆጣለች፣ እህቴ ናት ትላለች አልኩ።

«እማ፣ ቀስ በይ» አለች። «ራቢዓ ትሰማለች። ይኸን ሁሉ ዓመት ሳታውቅብን ኖራ በሠርጌ ቀን ታውቅብን?»

ከእናቷ ስድብ ይልቅ የሷ መለስለስ አንጀቴን አቃጠለው። ጀሪካኑን አስቀምጬ ድንኳኑ ጥግ ተቀመጥኩ።

ትንሽ ቆይታ መጣች፤ ኩባያው ታጥቦ፣ ሻይ ተሞልቶ፣ በሁለት እጇ ይዛዋለች።

«ስትለፊ ዋልሽ፣ የኔ እህት። እንቺ፣ በኩባያሽ።»

«መጀመሪያ አንቺ ቅመሺልኝ» አልኳት፣ ኩባያውን ተቀብዬ መልሼ እየዘረጋሁላት።

ሳቀች። እኔ አልሳቅኩም። ሳቋ ቀስ እያለ ጠፋ፤ እናቷ ወደቆሙበት በር ዞር ብላ አየች።

«ሂናዬ አልደረቀም፣ አልይዘውም» አለች።

ኩባያውን ያመጣችልኝ በዚያው እጇ ነበር።